ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ስላለው "የጣልያን ድልድይ" ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ የቆዩ መንገዶች ላይ ጎበጥ ያሉ አሮጌ ድልድዮች አሉ። ሰው ሁሉ "የጣልያን ድልድይ" ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ መንገድ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከነዚህ ድልድዮች አንዱን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በአንድ የገጠር መንገድ ላይ ነው ያለው። ያለው ቅስት አንድ ብቻ ነው፤ ባጃጅና አይሱዙ ተራ ጠብቀው ያልፉበታል። የዕረፍት ቀን ሲሆን ሰው ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። እያንዳንዱን ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እውነት ጣልያን ነው የሠራው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ግን አሮጌ ሁሉ የጣልያን አይደለም።

ጣልያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በጣም የቸኮለበት ነገር መንገድ ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚሄደው ነው። ሌላው ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው። ጠርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፈው ዋሻም የዚያው ጊዜ ሥራ ነው። ይሄን ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ጀምሮ ነው የሄደው። "ጣልያን ሠራው" ስንል ግን አንድ ነገር አንርሳ። ከጣልያን ሠራተኛው ጎን ብዙ የአገር ሰው ደንጊያ ፈልጧል፣ አሸዋ ተሸክሟል።

በ1943 ዓ.ም. ደግሞ አውራ ጎዳና የሚባለው የመንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የፈረሰውን ጠገነ፤ አዲስም ሠራ። ስለዚህ እግሩ የጣልያን፣ አናቱ የአውራ ጎዳና የሆነ ድልድይ ያጋጥማል። እኔ ራሴ አንዱን ለዓመታት "ሙሉ በሙሉ የጣልያን ነው" ስል ኖሬ፣ ከሥሩ ገብቼ ሳየው ነው ያፈርኩት።

ታዲያ በምን እለየዋለሁ?

መጀመሪያ ጽሑፍ ፈልጉ። የዚያ ዘመን ጣልያኖች ሥራቸው ላይ ዓመት መቅረጽ ይወዱ ነበር። ዓመቱ ግን እኛ የምናውቀው አይደለም፤ የፈረንጅም አይደለም። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምረው በሮማ ቁጥር የሚቆጥሩት የራሳቸው ዘመን ነበራቸው። ደንጊያ ላይ በሮማ ቁጥር ዐሥራ ስድስት ካያችሁ፣ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ዐሥራ ስድስተኛ ክፍለ ዘመን መስሏቸው የተደነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጽሑፍ ከሌለ ከሥሩ ግቡና ቀና በሉ። የቅስቱ ሆድ ላይ ጣውላ ጣውላ የሚመስል መስመር ታያላችሁ። አርማታው የፈሰሰበት እንጨት ጥሎት የሄደው ምልክት ነው። እኔ በማውቀው ድልድይ ላይ የጣውላው የዓይን ቋጠሮ ሳይቀር ታትሟል። አንድ ቦታ ላይ ሚስማር የተመታበት ክብ ጠባሳም አለ። እንጨቱ ከተነቀለ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቋጠሮው ግን አሁንም በጣት ይዳሰሳል።

ውስጡ ብረት አለው?

ትንሽ ሊኖረው ይችላል፤ ጭራሽ ላይኖረውም ይችላል። ቅስት የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው።

ቤታችሁ ሞክሩት። የአንገት ሐብል ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ አንጠልጥሉ። ወደ ታች ይጎብጣል። እያንዳንዱ ቀለበት ይሳባል እንጂ አይጨመቅም። አሁን ያንኑ ቅርጽ በሐሳባችሁ ገልብጡት። ይሳብ የነበረው ሁሉ አሁን ይጨመቃል። ቅስት ማለት የተገለበጠ ሐብል ነው። ይሄን ነገር እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1675 አሳትሞታል። የሚገርመው፣ መልሱን ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ፊደላቱን አዘበራርቆ ነው ያወጣው።

ኮንክሪት ደግሞ ጭመቃ ይወዳል፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። ደህና ኮንክሪት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ይችላል። ሁለት ኩንታል ጤፍ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ እንደ መቆለል ቁጠሩት። ሲሳብ የሚችለው ግን የዚያን አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዛሬው ቀጥ ያለ ድልድይ ፌሮ በፌሮ የሚሆነው። ሆዱ ይሳባላ! ቅስት ግን በሙሉ ስለሚጨመቅ ያን ያህል ፌሮ አይለምንም።

ነገሩን ከቦታው ጋር ደግሞ እዩት። በዚያን ጊዜ ብረት ባሕር ተሻግሮ፣ ምጽዋ ወይም አሰብ ወርዶ፣ በመኪና ተጭኖ ነው እዚህ የሚደርሰው። ደንጊያና አሸዋ ግን ቦርከና ዳር በነፃ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሠሩ ነበር?

ብረት ማነሱ ለኛም በጀን። አሮጌ አርማታን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ፌሮ ከሌለ የሚያብጥም የለም።

እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚባለውስ?

የለም። ሲሚንቶ ነው። የእንቁላሉ ወሬ ስለ ጎንደር ዘመን የኖራ ግንቦችና ድልድዮች የሚወራ ነው፤ ወደኛም በዚያው ተሻግሮ መጣ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም።

ቅስቱ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ሊወድቅ ነው?

ስንጥቅ ሁሉ ውድቀት አይደለም። ቅስት ስንጥቅን ከሌላው ድልድይ በተሻለ ይሸከማል። አንድ ቦታ ቢሰነጠቅ እዚያ ላይ እንደ ማጠፊያ ይሆንና ይቆማል። ሦስት ቦታም ቢሆን ይቆማል። አራተኛው ሲጨመር ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ ያን ጊዜ ታጥፎ መውረድ ይችላል። እንዲያውም ሮበርት ማያር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሆን ብሎ ሦስት ማጠፊያ ያላቸው የኮንክሪት ቅስቶች ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ያለቀው የሳልጊናቶቤል ድልድዩ 90 ሜትር ሸለቆ በአንድ ቅስት ተሻግሮ ዛሬም ቆሟል።

እኔ ስንጥቅ ሳይ ሁለት ነገር ነው የማደርገው። ጫፉ ላይ በእርሳስ አሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ። በዓመቱ ተመልሼ አያለሁ። ካልሄደ ይተኛ። ከሄደ ለባለሙያ መንገር ነው። ሁለተኛ ደግሞ ከስንጥቁ የሚወርድ ነጭ ነገር አለ ወይ ብዬ አያለሁ። እንደ ሻማ ቅላጭ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ልጆች ጨው ነው ይላሉ። ውሃ በአርማታው ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን አሟሙቶ ያወጣው ነው። ነጩ ራሱ አይጎዳም፤ ግን ከላይ ውሃ እየገባ መሆኑን ይነግራችኋል።

ከጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው? እርግብ ስለሚገባባቸው ብንደፍናቸውስ?

እባካችሁ አትድፈኑ! ከቅስቱ በላይ፣ በሁለቱ የጎን ግንቦች መካከል፣ አፈርና ደንጊያ ነው የተሞላው። ዝናብ ሲገባበት የሚወጣው በነዚያ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ሙሌቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የጎን ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እርግቧን ተዋት።

ሲሚንቶ ልስን ብናለብሰው አይታደስም?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ያመኛል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለበዓል ሊያሳምረው አስቦ ግማሹን ግንብ በወፍራም ልስን አለበሰው። ቀለምም ቀባው። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ ተቀርፎ ወረደ። ከሥሩ ያለው አሮጌ አርማታ ርሶ ነበር፤ ውሃው መውጫ አጥቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት ሰማንያ ምናምን ዓመት ደረቅ የኖረ ግንብ ነው። ገንዘቡ ካለ ላይኛውን መንገድ ጠርዞ ውሃው ወደ ሙሌቱ እንዳይገባ ማድረግ ይበልጣል። ግን ለፎቶ አያምርም መሰለኝ፤ ማንም አይመርጠውም።

መከታው ላይ የበቀለውን ዛፍ እንንቀለው?

ለጋ ከሆነ አዎ፣ ዛሬውኑ። ሾላና ዋርካ በወፍ ኩስ መጥተው ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላሉ። ሥሩ እንደ ክንድ ከወፈረ በኋላ ግን አትጎትቱት፤ ግንቡን ይዞ ነው የሚወጣው። ከላይ ቁረጡትና ባቆጠቆጠ ቁጥር ደጋግማችሁ ቁረጡ።

ሲኖትራክ ይችላል?

ይሄን ድልድይ የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ስድስት ሰባት ቶን የሚጭን የዘመናቸውን ካሚዮን ነው። ዛሬ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ከነራሱ ከ30 ቶን ሊያልፍ ይችላል። "ታዲያ እስካሁን እንዴት አልወደቀም?" ትላላችሁ። ቅስት የሚኖረው በራሱ ክብደትና በተሸከመው ሙሌት ነው። እሱ ራሱ ብዙ ቶን ስለሚመዝን የአንድ መኪና ጭነት ቅርጹን ያን ያህል አያናውጠውም። ይሄ ግን ፈቃድ አይደለም። የሚችለው ጭነት ተለክቶ ድልድዩ ላይ የክብደት ገደብ ምልክት ካልተሰቀለበት በቀር ባለ ከባድ መኪና ዞሮ ቢሄድ ነው የሚሻለው። ደግሞ ጠባብ ነው። መከታው ላይ ያሉት ፍንክቶች የጎርፍ አይደሉም፤ የስፖንዳ ናቸው።

በጦርነት ፈርሶ ያውቃል?

ይሄኛው አልፈረሰም። በዚህ መንገድ ላይ ግን ብዙ ነገር ተካሂዷል። ጣልያን ገና ሳይገባ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያን ቀን ደሴ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ራሱ ሲያፈገፍግ መንገዱን በደማሚት እየሰበረ ነበር የሄደው። ከአዲስ አበባ የተነሣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኮምቦልቻ በር ላይ ተዋጋ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ተያዘች። የሠራውን መልሶ የሚያፈርስ መንገድ ሠሪ እንግዲህ እሱ ነው።

የፈረሰና የተጠገነ ቅስት በቀለሙ ይታወቃል። አዲሱ አርማታ ከአሮጌው ጋር ግራጫው አይገጥምም፤ ጠጠሩም ይለያል። አሮጌው ውስጥ ክብ የወንዝ ጠጠር ታያላችሁ፤ በኋላ የተጨመረው ውስጥ በማሽን የተፈጨ ሹል ጠጠር።

እሺ፣ ዝገት ካልገደለው፣ ስንጥቅ ካልጣለው፣ ምንድን ነው የሚያሰጋው?

ውሃ። ከላይ ሳይሆን ከታች።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የደሴ ዝናብ እዚህ ሲደርስ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ደንጊያ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። ቦርከናና ገባሮቹ በክረምት የሚያሰሙት ያ ጉርምርምታ የደንጊያ ድምፅ ነው።

ቅስት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ አይጥልም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ግራና ቀኝ ያሉት እግሮቹ ያንን ግፊት ይዘው መቆም አለባቸው። አንዱ እግር ትንሽ ከሸሸ ቅስቱ ይከፈታል። ሙላት ሲመጣ ደግሞ ውሃው እግሩ አጠገብ ይሽከረከርና ከሥሩ ያለውን አፈር ይዝቃል።

ክፋቱ፣ ጉድጓዱ አይታይም። ሙላቱ ሲበረታ ይቆፈራል፤ ሲጎድል ያው ወንዝ በለስላሳ አሸዋ ይደፍነዋል። በታኅሣሥ ሄዳችሁ ስታዩ ሜዳ ነው። ደህና ነው ብላችሁ ትመለሳላችሁ። እኔም ብዙ ዓመት እንዲያ ስል ነበር።

ያስተማሩኝ ድልድዩ አጠገብ የሚያርሱ አንድ ሼህ ናቸው። ክረምት በወጣ ቁጥር ዱላቸውን ይዘው ይወርዱና እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ይወጋሉ። መጀመሪያ ሳያቸው እባብ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። "ሼህዬ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?" አልኳቸው። "ድልድዩን እያከምኩት ነው" አሉኝ። "ይሄ ራሱን አያመውም፤ ሕመሙ እግሩ ላይ ነው።" ዱላው ቶሎ ደንጊያ ከነካ ጤና ነው። ጠልቆ ከገባ ክረምቱ ቆፍሮ ነበር ማለት ነው። መሐንዲሱ በብረት ዘንግ የሚሠራውን ሥራ እሳቸው በወይራ ዱላ ይሠሩታል።

አሸዋ ማውጣቱስ ይጎዳዋል? እኛ እኮ የምናወጣው ከድልድዩ ራቅ ብለን ነው

ይሄን የሚጠይቁኝ ልጆች በዚያ አሸዋ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ በቁጣ አልመልስም።

ራቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን ወደ የት ነው የራቃችሁት? ከድልድዩ በታች በኩል ስትቆፍሩ ጉድጓዱ ባለበት አይቀመጥም። ውሃው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ይሆናል። ጠርዙን እየበላ ጉድጓዱ ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ ይጓዛል። በየክረምቱ ይቀርባል። ዘንድሮ ሃምሳ እርምጃ ርቃችሁ የቆፈራችሁት ከጥቂት ክረምት በኋላ እግሩ ሥር ነው። አካፋ ይዘው የቆሙት ልጆች ይሄን ስነግራቸው አንዱ ሳቀ፤ "ጉድጓድ በእግሩ ይሄዳል እንዴ?" አለ። ሌላው ግን ዝም ብሎ የዓምናውን ጠርዝ በዓይኑ ፈለገ። የነበረበት ቦታ አልነበረም።

መፍትሔ አለው። ከእግሩ ታች በኩል በወንዙ አግድም ጋቢዮን (ደንጊያ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ወይም ትላልቅ ደንጊያ መደርደር ነው። የወንዙን ወለል ይይዘዋል። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ደንጊያውም እዚያው ነው።

ቅርስ ነው? ማፍረስ ይከለከላል?

ጠላት ስለሠራው ቅርስ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ የተሸከመውም ያሳለፈውም የኛን ሰው ነው። በሕግ በኩል ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ ይደነግጋል። ቅርስ የሚባል ነገር ይመዘገባል። አካባቢያችሁ ያለ ድልድይ ተመዝግቦ እንደሆነ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም መጠየቅ ነው።

ለማየትና ፎቶ ለማንሳት መቼ ልምጣ?

ጥቅምትና ኅዳር። ውሃው ጠርቶ ይጎድላል፤ ማሳው ገና አረንጓዴ ነው። ከኮምቦልቻ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ይቻላል፤ ሹፌሩን "የጣልያኑ ድልድይ" ካላችሁት ያውቀዋል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን እዚያ ላለው ሚሊሻ ወይም ለቀበሌ ንገሩ። በኛ አገር ድልድይ ፎቶ ማንሳት አንዳንድ ሰው ያስደነግጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ከሥሩ አትግቡ። ሰማዩ ጠራ ብላችሁም አትግቡ። ደሴ ላይ ዘንቦ ይሆናል፤ ደራሽ ውሃ አያስጠነቅቅም።

አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?

ባለፈው ኅዳር ከሼሁ ጋር ወርደን ነበር። በላይኛው በኩል ዱላቸው ሁለት ስንዝር ገብቶ ደንጊያ ነካ። "ይሄ ደህና ነው" አሉ። በታችኛው በኩል፣ አሸዋ በሚወጣበት አቅጣጫ፣ እስከ እጀታው ገባ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ ያው ነው። ዱላውን አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። "አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ፤ ለወረዳው ጻፍላቸው" አሉኝ። በማግስቱ ጻፍኩ፤ ማመልከቻው ላይ የዱላቸውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር አስገብቻለሁ።